ትናንት ምን በላሽ?

ከንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር። ተግሣጽ ጠብቄያለሁ። ሰባት ቀን ጠበል ግቢ ይሉኛል ብዬ አስቤያለሁ። "ትናንት ምን በላሽ?" ይሉኛል ብዬ ግን በሕልሜም አልጠበቅኩም። ነገሩ ከሆነ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎታል። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ይከተለኛል። ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ ይለኛል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ትዝ ይለኛል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጅብ ከሄደ

2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ታናሽ ወንድሜ ከአገር ወጣ። እንዴት እንደወጣ አልዘረዝርም። ወንድሙን ወይም እህቱን በዚያ መንገድ የሸኘ ሰው ያውቀዋል፤ ያልሸኘም ሰምቷል። ከዚያ ለ19 ቀን ስልኩ ዝግ ሆነ።

እነዚያን 19 ቀናት ጎበዝ ነበርኩ። እናቴን አጽናናሁ። ሥራዬን አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ "ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው፤ ይደውላል" እላለሁ። ሌሊት እተኛ ነበር። አዎ፣ እተኛ ነበር! ዛሬ ሳስበው እኔንም ይገርመኛል።

በ20ኛው ቀን ደወለ። "ደርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ" አለ። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ።

ከአራት ቀን በኋላ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብንን አልኩ። ልቤ ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ልብ ሆኗል። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አየር አጠረኝ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሆነህ ብትጮህ ከጎንህ የተኛው አይሰማህም። "በቃ ሞቴ ነው" አልኩ። እናቴን እንዴት እንደቀሰቀስኳት አላስታውስም። የማስታውሰው የባጃጁን ሸራ፣ የሚንጠባጠበውን ውኃና የእናቴን እጅ ብቻ ነው። እጇ እጄን አጥብቆ ይዞኛል። እሷ ትጸልያለች፤ እኔ ትንፋሼን እቆጥራለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ደረቴ ላይ ያንን ሽቦ ሁሉ ለጣጠፉብኝ። ደም ተወሰደ። የደም ማነስም፣ የእንቅርት ሆርሞንም ሳይቀር ታየ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አገላብጦ "ልብሽ ከእኔ ልብ ይሻላል" አለኝ። ቀስ ብሎ ሲጠይቀኝ የወንድሜን ነገር ነገርኩት። "ጭንቀት ነው" አለ። መድኃኒት ጻፈልኝ። ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ በራሴ ጊዜ እንዳላቋርጠው ነገረኝ። ቡናም እንድቀንስ አዘዘኝ። ጅማ ተወልዳ ያደገችን ልጅ ቡና ቀንሺ! ፊቱን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም።

"ግን እኮ ወንድሜ ደውሏል" አልኩት። "አሁን ምን ያስጨንቀኛል?"

"አንዳንዴ ሰውነት እዳውን የሚጠይቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው" አለኝ።

ሐኪሙ በጨዋ ቋንቋ የነገረኝን አያቴ በአንድ አፍ ትጨርሰው ነበር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተረቱ የሚነገረው ለማሾፍ ነው። ውሻው ፈሪ ነው፣ ጅቡ ሳለ የት ነበረ ለማለት። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለውሻው አዝናለሁ። ጅቡ ሳለ ዝም ያለው ለመኖር ብሎ ይሆናላ።

መድኃኒቱን ገዛሁት። አልዋጥኩትም። ለምን እንዳልዋጥኩት ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ነጠላ የለበሰ ጭንቀት

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን ሰምታ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። "ክርስቲያን እንዴት ይጨነቃል?" አለችኝ። "'በአንዳች አትጨነቁ' ተብሎ ተጽፎ የለ?" በክፋት አልነበረም። እጄን ይዛ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በሽታዬ ሁለት ሆነ። አንዱ ፍርሃቱ ነው። ሁለተኛው በመፍራቴ የሚሰማኝ ኀፍረት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል።

መድኃኒቱን ያልዋጥኩትም ለዚህ ነው። ክኒኗን ብውጥ "እምነቴ አልበቃኝም" ብዬ የፈረምኩ መሰለኝ። በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 301 ሚሊዮን ሰው ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖር እንደነበር ይናገራል። ያን ጊዜ ብሰማውም የሚያጽናናኝ አይመስለኝም። 301 ሚሊዮን ሰው እምነት የጎደለው ነው ብዬ ነበር የማልፈው፤ ራሴን ጨምሬ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ደስ አለኝ። ዘንድሮ ፍርሃቱን በጾምና በስግደት አባርረዋለሁ አልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ያገኘሁትን ሁሉ ጀመርኩ። ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ካልደገምኩ አልተኛም። ጉልበቴ እስኪላላጥ ሰገድኩ። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲበላ እኔ እስከ ምሽት ቆየሁ። ምሽት ላይም ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ገበታውን ገፋሁት። ሌሊት ደግሞ የሰዓታት ጸሎት ለመቆም ቤተ ክርስቲያን ነኝ።

ከውጭ ለሚያየኝ ምን የመሰለች መንፈሳዊት ነበርኩ! ውስጤን ላየው ግን ጸሎቴ ሌላ ነገር ሆኗል። አንድ መዝሙር ከዘለልኩ ወንድሜ አንድ ነገር ይሆናል ብዬ አምን ነበር። ስግደት ስቆጥር ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እግዚአብሔርን አልነበረም የማናግረው። በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር። ትንሽ ካንቀላፋሁ ክፉ ነገር ሾልኮ ይገባል ብዬ። ያው ጭንቀቴ ነበር፤ ነጠላ ለብሶ ነው እንጂ።

አሁን ለመናገር ቀላል ነው። ያን ጊዜ አልታየኝም።

ከእሳቱ ማግስት

ነሐሴ 9 ቀን ጠዋት ሰዓታት ካለቀ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለ ጽድ ሥር ቁጭ አልኩ። ለመነሣት ሞከርኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ካፊያው ገና አላባራም። ነጠላዬ በስብሷል። ዓይኔ ፊት ጥቁር ጥቁር ነገር ይታየኛል። ሰው አልፎ አልፎ ሰላም ይለኛል። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት አንዲት ሴትዮ "የምሕረት እንባ ያድርግልሽ" ብለውኝ ሲያልፉ ነው።

የንስሐ አባቴ ጥላቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ በኩል መጡ። "ይፍቱኝ አባ" አልኩ። መስቀሉን ግንባሬን አስነክተው አሳለሙኝ። ከዚያ እንደመሄድ ብለው ተመለሱ። ቁልቁል አዩኝ።

"ምን ሆነሻል?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሌሊቱን፣ ልቤን፣ ባልደረባዬ ያለችኝን፣ ዳዊቱን። ወደ መጨረሻው ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። "እምነት የለኝም አባ! እየጸለይኩ እፈራለሁ። እየሰገድኩ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?"

ዝም አሉ። ከዚያ "ትናንት ምን በላሽ?" አሉኝ።

ያልሰሙኝ መሰለኝ። "አባ?"

"ትናንት። ምን በላሽ? ስንት ሰዓት ላይ?"

አሰብኩ። ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ትንሽ ሽሮ በእንጀራ።

"እንቅልፍስ? ከመቼ ወዲህ ነው ያልተኛሽው?"

ልክ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። እኔ ነፍሴን ይዤ መጥቼ እሳቸው ስለ ሽሮ ይጠይቁኛል!

ጥላውን አጠፉትና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልብሳቸው እንደሚረጥብ እያወቁ። "ነቢዩ ኤልያስን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። ማን የማያውቅ አለ? እሳት ከሰማይ ያወረደ። ዝናብን የያዘና የለቀቀ። "እሱን ሁሉም ያውቃል" አሉ። "ከእሳቱ ማግስት የሆነውንስ?"

ተረኩልኝ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው ያለው። ያ ሁሉ ድል ካለፈ በኋላ ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብላ ላከችበት። ትናንት በሕዝብ ፊት ያልፈራው ሰው ዛሬ በአንዲት ሴት መልእክት ሸሸ። ምድረ በዳ ገብቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት አለ። ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው።

"ኋላ መልአኩ መጣ" አሉ አባ። "መጥቶ ምን አለው? 'እምነትህ የት ሄደ?' አለው?"

"እንጃ አባ።"

"'ተነሥተህ ብላ' ነው ያለው። ራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ። ከዚያስ? ተመልሶ ተኛ! መልአኩ አልተቆጣውም። እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና አበላው። መንገዱ ሩቅ ነው አለው። አየሽ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በላ፤ ቀጥሎ ሄደ። አንቺ እንጎቻውን ዘለልሽና አርባውን ቀን ጀመርሽ።"

እንጎቻ የሚለው ቃል ውስጤን ነካው። እንጎቻ የልጅ ነገር ነው። እናት እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ በቀረችው ሊጥ ለልጇ የምትጋግራት ናት። እናቴ ለእኔና ለወንድሜ ሁለት ትንንሽ እንጎቻ ትጋግርልን ነበር፤ በርበሬና ዘይት ቀብታ። ነቢዩ ሞቴን አምጣ ሲል እግዚአብሔር የላከለት ይህችን ነው። መብረቅ አይደለም። ስብከት አይደለም። የምትሞቅ እንጎቻ።

በልጅነቴ ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሁሌ ግን ወደ ኮሬብ ተራራ ነው የምንቸኩለው፤ ወደ ነፋሱ፣ ወደ መናወጡ፣ ወደ ትንሿ ድምፅ። እንጎቻዋ ላይ ቆሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አባ ተነሡ። ትእዛዛቸው አጭር ነበር። የታመመ ሰው ሰዓት አይቆጠርበትም፤ ጾምሽን ሳትፈቺ ጠዋት ብዪ። ለዚህ ሳምንት ስግደት የለም። ሌሊት ሰዓታት የለም። ማታ 4 ሰዓት ላይ አልጋሽ ውስጥ ሁኚ። ሐኪሙ ያዘዘውን ዋጪ። እዚህ ላይ ፊቴን አይተው "መጽሐፈ ሲራክን አንብቢ፣ ምዕራፍ 38። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረው ማን ሆነና ነው?" አሉ።

"ጸሎትስ?"

"አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ከዚያ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። አለቀ። አንድ እንዳትጨምሪ።"

አርባ አንድ

አንድ እንዳትጨምሪ የሚለው ከሁሉ የከበደኝ ነበር። መጀመሪያው ሌሊት ላይ እንደተለመደው 9 ሰዓት ነቃሁ። ልቤ ጀመረች። መቁጠሪያዬን ከትራስ ሥር አወጣሁ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ አንድ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ ሁለት።

እስከ አሥር ድረስ ምን እንደምል አላውቅም። ጣቴ ብቻ ነው የሚሠራው። አሥራ ሰባት ላይ ወንድሜ መጣብኝ፤ ጨለማ መንገድ ላይ ሆኖ አየሁት። ድሮ ቢሆን ቆጠራው ተበላሸ ብዬ ከአንድ እጀምራለሁ። አሁን ግን ቀጥዪ እንጂ አድሺ አልተባልኩም። አሥራ ስምንት አልኩ። ወንድሜም እዚያው ፍሬው ላይ ገባ። "ማረን" ስል ለእሱም ሆነ። ሠላሳ አካባቢ ትንፋሼ ረዘም ማለት ጀመረ። ቃሉ በአንድ ትንፋሽ የሚባል ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው ትንፋሼ የቃሉን መጠን ያዘ።

አርባ አንድ። አለቀ።

ፍርሃቱ ሄደ? አልሄደም። እዚህ ላይ እንዳልዋሻችሁ። ልቤ አሁንም ይመታል፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ጸሎቱ አልቋል። ጸሎት የሚያልቅ ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር። እኔ ተራዬን ጨርሻለሁ፤ ሌሊቱ ግን ገና አለ። ቀሪውን ማን ነው የሚጠብቀው?

ሰፈራችን ዘበኛ አለው። ሌሊት በዱላው የኤሌክትሪክ ምሰሶውን ኳ እያደረገ ይዞራል። ልጅ ሆነን ያንን ድምፅ ስንሰማ ጥቅልል ብለን እንተኛ ነበር። ማንም ልጅ ተነሥቶ ዘበኛውን አብሬህ ልዙር አይለውም። "እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም" የሚለውን መዝሙር ያን ሰሞን በየቀኑ እደግመው ነበር። እየደገምኩት እኔም አልተኛም ነበር! እሱ የማይተኛው እኔ እንድተኛ መሆኑን አላሰብኩትም።

እንቅልፍ ወዲያው አልመጣም። 11 ሰዓት ላይ የመስጊዱ አዛን ተሰማ። የጎረቤታችን የእማማ መብራት በራ። ለሶላት ሲታጠቡ ውኃው ይንሿሿል። እማማ ያንን ሰሞን በአጥሩ በኩል ባዩኝ ቁጥር "አብሽሪ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ጠዋት ሙቅ ገንፎ ላኩልኝ። ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ቅቤ አላስነኩትም፤ በተልባ ነው ያመጡልኝ። በላሁት። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የጨረስኩት ምግብ እሱ ነው። ለአባ ስነግራቸው "አየሽ፣ እንጎቻ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም" አሉ።

መድኃኒቱም በአራተኛው ሳምንት ግድም መያዝ ጀመረ። የትኛው እንደረዳኝ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ክኒኑ ነው ወይስ መቁጠሪያው? ወይስ ገንፎው? መለየት አልችልም። የመለየት ፍላጎትም የለኝም።

ያቺ ጥቅስ

ባልደረባዬ የጠቀሰችልኝን ቃል ለረጅም ጊዜ አላነበብኩትም። ሸሸሁት። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4ን ከፈትኩ። "በአንዳች አትጨነቁ" የሚለው ቁጥር 6 ላይ ነው። ከሱ በፊት ያለውን ቁጥር አየሁ። መጨረሻው ላይ ሦስት ቃል አለ፦ "ጌታ ቅርብ ነው።"

ሰው ሲጠቅሰው ለምን ይህን እንደሚተወው አላውቅም። ጌታ ቅርብ ነው፤ በአንዳች አትጨነቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው ድምፁ ተለወጠብኝ። የሚቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ እጄን አጥብቃ የያዘችኝ የእናቴ ድምፅ ነው። "አይዞሽ" ስትለኝ እኮ ማዘዟ አልነበረም። አይዞሽ የተባለ ሰው "ትእዛዙን መፈጸም አቃተኝ" ብሎ አያፍርም። እዚህ ነኝ ማለቷ ነው።

ደግሞ የጻፈው ጳውሎስ ያን ጊዜ እስረኛ ነበር። እዚያው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ስለ እስራቱ ይናገራል። ሁሉ የተመቻቸው ሰው አትጨነቁ ቢለኝ ኖሮ አልሰማውም ነበር።

ባልደረባዬን አልወቅሳትም። እኔም በፊት ስንት ሰው ላይ ይህን ጥቅስ እንደወረወርኩ እግዚአብሔር ይወቀው። የታመመ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ከባድ ነው። ጥቅስ መናገር ይቀላል። አባም ጥቅስ ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን ስለ ሽሮዬ ነው።

ፍርሃቱ ዛሬም ይመጣል። በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ። ወንድሜ ሁለት ቀን ስልክ ካላነሣ ጣቶቼ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ቡናም ወደ ሁለት ስኒ ተመልሻለሁ፤ ሐኪሙ እንዳያነብብኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ ነቃሁ። መቁጠሪያዬን ያዝኩና ጀመርኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው አዛኑን ነው። እንቅልፍ ወስዶኛል። ጣቴ ፍሬው ላይ እንደያዘ ነበር፤ ሃያ ሦስተኛው ላይ። እሑድ አባን አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። "18 ቀርቶብኛል አባ፤ ማታ ላሟላው እንዴ?"

ሳቁ። ሰማዩን ቀና ብለው አዩና "አሁን ሊዘንብ ነው፤ ሳትበሰብሺ ግቢ" አሉኝ።